ከአንጎል ቀዶ ሕክምና በኋላ፣ ባክቴሪያው መድኃኒት ሲላመድ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቹ ጎንደርና በዙሪያዋ ከሚሠሩ የጤና ባለሙያዎች፣ ከተማሪዎችና ከአስታማሚዎች የመጡ ናቸው። መላሹ የማይክሮባዮሎጂ ሐኪም ነው።

ነርስ፣ ከአዘዞ፦ ዶክተር፣ የአንጎል ዕጢ የወጣለት ታማሚ በአምስተኛው ቀን ትኩሳት ጀመረው፤ አንገቱም ገተረ። ኢንፌክሽን ነው ወይስ ቀዶ ሕክምናው ያስከተለው?

መልስ፦ ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ቀዶ ሕክምናው ራሱ፣ በተለይ ደም ከፈሰሰ፣ የአንጎልን ሽፋን ያስቆጣል፤ ትኩሳት ያመጣል፤ በአንጎል ፈሳሽ (አንጎልንና ሕብለ ሰረሰርን በሚከበው ውሃ) ውስጥም ነጭ የደም ሴል ያበዛል። ስለዚህ የሴል ቁጥር ብቻውን አይፈርድም። የፈሳሹን ግሉኮስ (ስኳር) በዚያው ሰዓት ከተወሰደ የደም ስኳር ጋር አስተያዩት። በፈሳሹ ውስጥ ያለውን ላክቴት (ላክቲክ አሲድ) መለካት ከተቻለ፣ ከ4 ሚሊሞል በሊትር በላይ መሆኑ ወደ ባክቴሪያ ያደላል። ፍርዱን የሚሰጠው ግን ግራም ስቴይን (ባክቴሪያን ቀለም ቀብቶ በማይክሮስኮፕ ማየት) እና ካልቸር (ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ ማብቀል) ነው። ፈሳሹን ከጀርባ መቅዳት አደጋ እንደሌለው አስቀድሞ የቀዶ ሐኪሙ ይወስን። ናሙናው ከአንቲባዮቲክ በፊት ይወሰድ፤ በክፍል ሙቀት እንደተቀመጠ በአንድ ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ይድረስ። ፍሪጅ ውስጥ አታስቀምጡት! ቅዝቃዜ አንዳንዶቹን ባክቴሪያዎች ይገድላል፤ ከዚያ «ምንም አልበቀለም» የሚል ወረቀት ይዘን ታማሚውን እንጎዳለን። ሻንት (የአንጎል ፈሳሽን ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የሚያፈስ፣ ውስጥ የሚቀመጥ ቱቦ) ላለበት ታማሚ ደግሞ ካልቸሩ እስከ 10 ቀን ይጠበቅ፤ ቀስ ብለው የሚያድጉ አሉ።

አስታማሚ፣ ከደባርቅ፦ ወንድሜ ሴፍትሪያክሶን የሚባል አንቲባዮቲክ እየወሰደ ነው፤ ለውጥ የለውም። ምን ልግዛለት?

መልስ፦ ምንም አይግዙ፣ እህቴ። ሐኪሙን «ካልቸር ተልኳል ወይ?» ብለው ይጠይቁ።

ጠቅላላ ሐኪም፣ ከማራኪ፦ ውጤቱ እስኪመጣ ሕክምና እናቆይ?

መልስ፦ በፍጹም። ናሙናው እንደተወሰደ ወዲያውኑ ጀምር፤ አብዛኛውን ጊዜ ቫንኮማይሲን ከሜሮፔኔም ጋር፤ ሁለቱም አንቲባዮቲኮች ናቸው። ሜሮፔኔም ኩላሊቱ ደህና ለሆነ አዋቂ 2 ግራም በየ8 ሰዓቱ ነው። 1 ግራም ለሌላ ኢንፌክሽን ሊበቃ ይችላል፤ ለአንጎል ግን አይበቃም። ታማሚው ለሚጥል በሽታ ቫልፕሮት የሚወስድ ከሆነ ተጠንቀቅ፦ ሜሮፔኔም የቫልፕሮትን መጠን በደም ውስጥ በፍጥነት ያወርደዋል፤ መጠን መጨመርም አይጠቅምም። ወደ ሌላ የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ ወደ ሌቬቲራሴታም አዙረው።

የሕክምና ተማሪ፦ ባክቴሪያው ሜሮፔኔምን የተላመደ አሲኔቶባክተር (ሆስፒታል ውስጥ የሚዛመት ባክቴሪያ) ከሆነስ?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ። ብዙ ጊዜ የሚቀረን አንቲባዮቲክ ኮሊስቲን ነው፤ ችግሩ በደም ሥር የተሰጠው ወደ አንጎል ፈሳሽ የሚገባው በጥቂቱ መሆኑ ነው። የላቦራቶሪው ወረቀት «ይገድለዋል» ይላል፤ መድኃኒቱ ግን ቦታው አልደረሰም። ስለዚህ ልምድ ያለው ቡድን በደም ሥር ከሚሰጠው ጋር፣ የአንጎል ፈሳሽን ወደ ውጭ በሚያወጣው ማፍሰሻ ቱቦ በኩል በቀጥታ ወደ አንጎል ክፍተት ይሰጠዋል፤ መድኃኒቱ እንዲሰራጭ ቱቦው ከ15 እስከ 60 ደቂቃ ይዘጋል። ኮሊስቲን ኩላሊትን ይጎዳልና ክሪያቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) በየጊዜው ይለካ። የተበከለ ሻንት ወይም ቱቦ ካለ ይውጣ። ባክቴሪያው ፕላስቲኩ ላይ ሽፋን ሠርቶ ይቀመጣል፤ እዚያ ላለው አንቲባዮቲክ ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃውም። ሕክምናው ከ10 እስከ 14 ቀን፣ ብዙዎች እንደሚመርጡት ደግሞ እስከ 21 ቀን ነው፤ ካልቸሩ ደጋግሞ ካበቀለ ቀኑ የሚቆጠረው ባክቴሪያ ከታየበት ከመጨረሻው ናሙና ጀምሮ ነው።

ፋርማሲስት፣ ከአራዳ፦ ይህን ሁሉ የሚያመጣው የጠያቂ ብዛት ነው። ለአንድ ታማሚ አሥር ሰው አልጋው ላይ ይቀመጣል።

ነርስ፣ ከአዘዞ፦ ጠያቂ ላይ አናላክክ! ከአልጋ አልጋ የሚሄደው የእኛ እጅ ነው። ያለማዘዣ አንቲባዮቲክ የሚሸጠውስ ማን ነው?

ፋርማሲስት፣ ከአራዳ፦ ሁሉም ፋርማሲ እንደዚያ አይደለም። እኔ ያለማዘዣ አልሸጥም።

መልስ፦ ይብቃ። አሲኔቶባክተር ደረቅ ዕቃ ላይ ለሳምንታት ይቆያል፤ የማንንም እጅ አይመርጥም። ሁላችሁም ታጠቡ፤ ጠያቂም ይቀነስ። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

አስታማሚ፣ ከቆላ ድባ፦ ከሁሉም ጠንካራው አንቲባዮቲክ የቱ ነው?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ በሌላ ቃል ተመልሶ መጣ። ጠንካራ የሚባል የለም። የታወቀውን ባክቴሪያ የሚገድልና አንጎል ዘንድ የሚደርስ አለ። የቱ እንደሆነ የሚነግረን ካልቸር ነው።

ጠያቂ፣ ከፒያሳ፦ ስፌቱ ገና ነው፤ ለጥምቀት ፋሲለደስ ውሃው ውስጥ ቢገባስ?

መልስ፦ አይግባ። ቁስሉ ሳይድን ምንም ውሃ አይንካው።

ነርስ፣ ከአዘዞ፦ ከቁስሉ ላይ የተጠረገው ናሙና አሲኔቶባክተር አወጣ። ኮሊስቲን ይጀመር?

መልስ፦ ትኩሳት ከሌለ፣ መግል ከሌለ፣ ቁስሉ ካልቀላ አይጀመር። ቆዳ ላይ መቀመጥና ማሳመም የተለያዩ ናቸው፤ ወረቀት አናክምም። ከቁስሉ ጥርት ያለ ውሃ የሚወርድ ከሆነ ግን የአንጎል ፈሳሽ ሊሆን ይችላልና አሁኑኑ ለቀዶ ሐኪሙ ንገሪው።

እናት፣ ከዳባት፦ ልጄ ሻንት ከገባለት ሁለት ወር ሆነው። ከትናንት ጀምሮ ያተኩሰዋል፤ ያስመልሰዋል። እስከ ሰኞ ልጠብቅ?

መልስ፦ አይጠብቁ፣ እናቴ። ዛሬውኑ ይዘውት ይምጡ። የሻንት ኢንፌክሽን በብዛት የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ ቱቦው ተዘግቶም ሊሆን ይችላል። መንገድ ላይ ምንም ሽሮፕ አይስጡት። ከሆስፒታል ሲወጣ የተሰጠዎትን ወረቀት ይያዙ፤ በር ላይ «ሻንት አለው» ብለው ይናገሩ፤ ተራ አይጠብቁ።