የታሸገ የምኒልክ ብር ስንት ልበለው ላልሽው

ሰላም እህቴ፣ አጎትሽ ከአሜሪካ ያመጣልሽ የምኒልክ ብር በሳንቲም መርማሪ ድርጅት በፕላስቲክ ታሽጎ ኤክስኤፍ 45 የሚል ግሬድ፣ ማለትም ሳንቲሙ ምን ያህል እንዳልተበላ የሚናገር ደረጃ፣ ተጽፎበታል፣ ኢንተርኔት ላይ ያየሽው ዋጋ ግን አንዱ የሌላው አስር እጥፍ ሆኖብሽ ስንት ብዬ ልሽጠው ነው ያልሽው አይደል። ባህር ዳር ላይ ይሄን ነገር ስነካካ ዓመታት ሆኖኛልና የማውቀውን ልበል።

አንቺ ያየሽው የሚጠራውን ዋጋ ነው። መጥራት ደግሞ ማንም ይጠራል። ዘጌ ሄደሽ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት በሚወስደው መንገድ ጠገራ ዘርግተው የሚሸጡትን ብታዪ ፈረንጁ ሲመጣ ሌላ ዋጋ ነው፣ ጉብኝቱን ጨርሶ ጀልባው ሞተር ሲያስነሳ ግን እየሮጡ መጥተው በሲሶው ይሰጡታል፣ እውነተኛው ዋጋ ያ የመጨረሻው ነው። ኢቤይ የሚባለው የኢንተርኔት ገበያም እንደዛው ነው፣ "የተሸጡ" የሚለውን ምረጪና ገንዘብ የተከፈለበትን ብቻ እዪ። ሄሪቴጅ የሚባለው ጨረታ ቤትም የድሮ ሽያጮቹን ዌብሳይቱ ላይ ያስቀምጣል፣ እዛ ላይ ግን ገዢው የከፈለው የጨረታ ቤቱ ኮሚሽን ተጨምሮበት ስለሆነ ሻጩ እጅ የገባው ከዛ ያንሳል።

ስታወዳድሪ ዓመቱ አንድ መሆን አለበት፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ሳንቲሙ ላይ ያለው ዓመት በግዕዝ ቁጥር ነው፣ በኛ አቆጣጠርም ነው። ፲፰፻፹፯ ማለት 1887፣ ፲፰፻፹፱ ማለት 1889፣ ልዩነቱ የመጨረሻዋ ቁጥር ብቻ ናት፣ እሷ ከተበላች ደግሞ ፈረንጁ ሻጭ በግምት ነው የሚጽፈው። 1887 ሲል እንደነሱ 1894 ወይ 95 መሆኑን የማያውቅም ሞልቷል። በየዓመቱ የተመታው ብዛት ስለማይመሳሰል ዋጋውም አይመሳሰልም። ግሬዱም እንደዛው፣ መለኪያው ከ1 እስከ 70 ነው፣ ከ45 ወደ 55 ትንሽ ትመስላለች እንጂ ዋጋው ላይ ትልቅ ነገር ናት፣ 62 የተሸጠበትን አይተሽ ያንቺን እንዳትጠሪ። የአንበሳውን ጋማና የምኒልክን ዘውድ ትኩር ብለሽ እዪ፣ መጀመሪያ የሚለሰልሰው እሱ ነው።

ማሸጊያው ላይ ያለውን ቁጥር ያሸገው ድርጅት ዌብሳይት ላይ አስገቢው። ፎቶ ካወጣልሽ ጭረት በጭረት ከእጅሽ ጋር አመሳክሪ፣ ፎርጅድ ፕላስቲክም አለና።

ዋጋው ከዚህ በታች አይወርድም የምትዪው ወለል የብሩ ማዕድን ራሱ ነው። የምኒልክ ብር 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ 83.5 በመቶው ንጹህ ብር ነው፣ ማለትም 23.4 ግራም። ይሄን በዛን ቀን የንጹህ ብር ዋጋና ምንዛሬ ስታባዢው ከዛ በታች አትወርጂም። የኦስትሪያዋ ንግሥት መልክ ያለባት ማሪያ ትሬዛ ግን ሌላ ጉዳይ ናት፣ ሴትየዋ ከሞተችም በኋላ 1780 እየተጻፈባት ስትመታ ኖራለች፣ አሁንም ቪየና ውስጥ ይመቷታል፣ ስለዚህ አብዛኛዋ ከብሩ ዋጋ ብዙም ፈቀቅ አትልም፣ እሷን ለማሸግ የሚከፈለው ገንዘብ ያናድደኛል።

እኔን የበላኝን ደግሞ ስሚ። ቅዳሜ ገበያ ከአንዲት እናት የገዛሁት የምኒልክ ብር ነበረኝ፣ ጠርዝ ጠርዙ እንደ ጥቀርሻ ጠቁሮ ዳርዳሩ ላይ ሰማያዊ ነገር ያለበት። እቤት ወስጄ እናቴ የአንገት መስቀሏን እንደምታጸዳው በአመድና በሎሚ ፈተግኩት፣ መስታወት ሆነ፣ ደስ ብሎኝ ላየኝ ሁሉ አሳየሁ። አሜሪካ ለሚኖር ጓደኛዬ ሰጥቼው አስመረመረው፣ ሲመለስ ቁጥር የለውም፣ "የተጸዳ" ብለው ጽፈውበታል። ለካ ያ ጥቁረት ነበር ገንዘቡ። የምርመራውን ከፍዬ የፖስታውን ከፍዬ በመጨረሻ ከብሩ ዋጋ ትንሽ ከፍ ባለ ነው የሸጥኩት። አንገት ላይ ታስሮ ማንጠልጠያው የተነቀለም ዕጣው ይሄው ነው። ያንቺ ቁጥር ማግኘቱ ብቻ ትልቅ ነገር ነው፣ እንዳትከፍቺው፣ "በእጄ ልየው" የሚል ገዢ ቢመጣ እንኳ እሺ እንዳትዪ።

ስለዚህ ተመሳሳይ ዓመት፣ ተመሳሳይ ግሬድ፣ በቅርቡ የተሸጡ ሶስት አራት ፈልጊና ከሁሉ የወደደውን አውጥተሽ ጣዪው፣ ሁለት ሰው እልህ ተጋብቶ ይሆናል። በቀረው መሀል ላይ ጥሪ፣ እዚህ ባህር ዳር ደግሞ ገዢው ጥቂት ስለሆነ ትንሽ ዝቅ ማለትሽ አይቀርም። ወደ ውጭ ልላከው ካልሽ መጀመሪያ ቅርስ ባለስልጣን ጠይቂ፣ ኤርፖርት ላይ ከመያዝ ይሻላል።

የሁለቱንም ገጽ ፎቶ እዚሁ ልቀቂው፣ ዓመቱ የሚነበበውን ቀረብ አድርገሽ አንሺ፣ በፍላሽ ሳይሆን በመስኮት ብርሃን።