ጌሙ ላይ የሌለው ሥዕል ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ የአንድ እንቆቅልሽ ጌም ኤፒኬ ፋይል (አንድሮይድ ስልክ ላይ ጌሙ የሚጫንበትን ፋይል) ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ ጌሙ ላይ የማይመጣ የበረዶ ሥዕልና የደወል ድምፅ አገኘሁ። ለምን ተቀመጠ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይሄ የተለመደ ነው። ሠሪዎቹ አንድ ደረጃ ይጀምሩና ይተዉታል። ኮዱን ያጠፋሉ፣ ሥዕሉ ይቀራል። ዩኒቲ በሚባለው የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ከተሠራ ደግሞ «ሪሶርስስ» የሚባለው ፎልደር ውስጥ ያለ ሁሉ፣ ተጠቀሙበትም አልተጠቀሙበትም፣ አብሮ ይታሸጋል።

እኔን የሚያናድደኝ ክብደቱ ነው። መንዝ ቁጭ ብሎ በሞባይል ዳታ የሚያወርድ ልጅ ለማያየው ሥዕል ብር ይከፍላል! ይሄ ልክ አይደለም።

አንተ ግን ደወሉን ቪኤልሲ በሚባለው የድምፅና ቪዲዮ ማጫወቻ ክፈተውና ደጋግመህ ስማው፤ ድምፅ እንዴት ተቆርጦ እንደሚዘጋጅ ትማርበታለህ። የራስህ ጌም ውስጥ ግን እንዳታስገባው። ባይጠቀሙበትም መብቱ የባለቤቶቹ ነው።