መልስ፦ ዚኒያዬ አንድ አበባ ብቻ ይዞ ይረዝማል ላልሽው

ጫፉን ቁረጪው። ዚኒያ አንድ ግንድ ብቻ ይዞ ሽቅብ የሚመዘዘው፣ ጫፉ ላይ ያለው እምቡጥ የጎኖቹን ስለሚያፍናቸው ነው። አፈርሽም ማዳበሪያሽም ጥፋት የለባቸውም።

ተክሉ ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር ሲደርስ፣ ከታች ሦስት ወይም አራት ጥንድ ቅጠል አስቀሪለትና ከዚያ በላይ ያለውን በንጹህ መቀስ ቁረጪ። እምቡጥ ይዞም ቢሆን አትሳሺለት። የመጀመሪያው አበባ ትንሽ ይዘገያል፤ ግን ከየቅጠሉ ሥር አዲስ ቅርንጫፍ ይወጣል።

አበባ ስትለቅሚም አጭር አድርገሽ አትቁረጪ። ወደ ታች ወርደሽ፣ ከአንድ ጥንድ ቅጠል በላይ ቁረጪ። ቀጥሎ የሚመጣውም ረጅም ዘንግ ይኖረዋል።

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ባለው ጓሮሽ ውስጥ ገና በግንቦት የዘራሽው ከሆነ አልረፈደብሽም። ውርጭ እስኪመጣ ድረስ ያብባል።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። ቀለሙ ስላማረ ብቻ እንዳትቆርጪ። ከአበባው 20 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ ብለሽ ዘንጉን በሁለት ጣትሽ ያዢና ቀስ አድርገሽ ወዝውዢው። አንገቱ ከተልፈሰፈሰ አልደረሰም፣ ተዪው። እንዲህ ያለው ቤት ከገባ በኋላ አንገቱን ይደፋል፤ እኔ ውሃ ቀይሬለትም ሲቃና አላየሁም። ቀጥ ብሎ አብሮ ከተወዛወዘ ግን ደርሷል፤ በጠዋቱ ቁረጪው። ውሃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል ሁሉ አርግፊ። ፍሪጅ ውስጥ ደግሞ በፍጹም አታሳድሪው፤ ብርድ ይጎዳዋል።