ስኳርና ደም ብዛት በመሥሪያ ቤት፦ ጥያቄና መልስ

ነርስ ነኝ፤ ጎንደር ውስጥ የስኳርና የደም ግፊት ታካሚዎችን እከታተላለሁ። ከፒያሳ፣ ከማራኪ፣ ከአዘዞ ብዙ የቢሮ ሠራተኛ ይመጣል። አብዛኛው ዘግይቶ ነው የሚመጣው፤ ይህ ያሳዝነኛል። ጠይቁኝ። የተለካችሁትን ቁጥር ግን አብራችሁ ጻፉ።

የባንክ ሠራተኛ፦ ሲስተር፣ ቢሮ ድረስ መጥተው ደም ግፊት ሲለኩን 150/95 አሉኝ። መድኃኒት ልጀምር?

መልስ፦ መጀመሪያ እንዴት እንደለኩህ ንገረኝ። ደረጃ ወጥተህ እንደደረስክ ነው? ቡና ጠጥተህ? ሹራብ ላይ ነው ያሰሩት? ከጓደኛህ ጋር እያወራህ? የቢሮ ልኬት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ከመለካትህ በፊት ለ30 ደቂቃ ቡናም ሲጋራም ይቅር። ሽንት ከያዘህ ሽንት ቤት ግባ። 5 ደቂቃ ዝም ብለህ ተቀመጥ። ጀርባህ ይደገፍ፣ እግርህ መሬት ይርገጥ። ክንድህ ልብስ ሳይኖረው በልብህ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። አታውራ። ሁለት ጊዜ ይለኩህ። በሌላ ቀን ደግሞ ድገመው። በተለያየ ቀን ተለክቶም 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደም ግፊት ነው፤ ሐኪም ጋ ሂድ። 180/120 ደርሶ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የሰውነት አንድ ጎን መስነፍ ከመጣ ግን ቀጠሮ የለም። በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል።

አስተማሪ፦ ኪኒኑን የምውጠው ራሴን ሲያመኝ ብቻ ነው። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው! ደም ብዛት አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ሳያምህ ኩላሊትህን፣ ዓይንህን፣ ልብህን ይጎዳል። በየቀኑ ዋጥ። ስላላመማችሁ መድኃኒት አታቁሙ።

ጸሐፊ፦ ነጭ ሽንኩርት ያወርደዋል?

መልስ፦ መድኃኒት አይተካም። ጨው ቀንሺ። በቀን ከ5 ግራም በታች ይሁን፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ቢሆን ነው። በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ የገባውም ይቆጠራል።

ሹፌር፦ የሽፈራው ቅጠልስ?

መልስ፦ ያው ነው። አሁን መለስኩት።

የሒሳብ ሠራተኛ፦ ስኳር አለብኝ፤ ዐቢይ ጾምን እስከ 9 ሰዓት መጾም እፈልጋለሁ።

መልስ፦ መድኃኒትሽን አልነገርሽኝም። ሜትፎርሚን ብቻ ከሆነ ስኳርሽ ከልክ በላይ የመውረዱ ዕድል ትንሽ ነው። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ ከሆነ ግን ሳይበሉ መዋል አደገኛ ነው። ሐኪምሽንም ንስሐ አባትሽንም አስቀድመሽ አማክሪ። ካላበሽ፣ ከተንቀጠቀጥሽ ለኪው። ከ70 (mg/dL) በታች ከሆነ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠሽ ጠጪ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኪ። መለኪያ ከሌለሽ ሳትጠብቂ ጠጪ። አብረውሽ የሚሠሩት ይህን ይወቁ። ራስሽን ከሳትሽ በአፍሽ ምንም እንዳይሰጡሽ፣ ወደ ሐኪም ቤት እንዲያደርሱሽ ንገሪያቸው። ማታ ደግሞ እንጀራ በድንች፣ ከዚያ ፓስታ መደራረብ ስኳሩን ይሰቅለዋል። ጎመኑና ምስሩ ይብዛ።

ሹፌር፦ ጸበል የጀመረ ሰው መድኃኒት ያቆማል። ሁለቱ አብረው አይሄዱም።

አስተማሪ፦ ማን አለ? የኔ ንስሐ አባት ኪኒንህን ይዘህ ግባ ነው ያሉኝ።

ሹፌር፦ አጎቴ አቁሞ ድኗል።

አስተማሪ፦ ተለክቶ ነው ወይስ ስላላመመው?

መልስ፦ በቃችሁ። ተጠመቁ፣ ጠጡ፤ መድኃኒቱንም ውሰዱ። ያለ ኢንሱሊን መኖር የማይችል ሰው ካቆመ በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ደግሜ እላለሁ፦ ስላላመማችሁ አታቁሙ።

መዝገብ ቤት፦ ለክትትል አለቃዬ ፈቃድ አይሰጠኝም። ሕጉ ምን ይላል?

መልስ፦ እሱን የሰው ሀብት ክፍሉን ጠይቂ። የቀጠሮ ወረቀትሽን ግን ያዢ።

ስም ያልጻፈ፦ ስኳሬ ትንሽ ከፍ ብሏል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ስንት? በባዶ ሆድ ነው? ቁጥር ጻፉ ብያለሁ! በባዶ ሆድ 126 ወይም ከዚያ በላይ በሌላ ቀን ተደግሞ ከተገኘ የስኳር በሽታ ነው። ከ100 እስከ 125 ከሆነ ከወዲሁ ተጠንቀቅ፤ በእግርህ ሂድ፣ ለስላሳውን ተው።

የሌሊት ጥበቃ፦ ልጄ፣ ቤቴ ፍሪጅ የለም። ኢንሱሊኑን የት ላኑረው?

መልስ፦ አባቴ፣ ጥሩ ጠየቁ። ትንሽ ሸክላ ትልቅ ሸክላ ውስጥ ያስቀምጡ። በመሃላቸው አሸዋ ሞልተው ውኃ ያርከፍክፉበት፤ ጥላ ቦታ ይሁን። ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልለው ትንሹ ውስጥ ይክደኑት። ጸሐይ አያግኘው፣ በረዶም አይሁን። የተከፈተው ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ቦታ 4 ሳምንት ያህል ይቆያል። የከፈቱበትን ቀን ብልቃጡ ላይ ይጻፉበት።