«ወደ ውስጥ መተንፈስ» ይባላል ወይ?

ጥያቄ፦ የሳይንስ አስተማሪ ነኝ። ክፍል ውስጥ «ወደ ውስጥ ተንፍሱ፣ ወደ ውጭ ተንፍሱ» ስል አንድ ተማሪ «ጎማ ተነፈሰ ስንል አየሩ ወጣ ማለት አይደል እንዴ? ታዲያ እንዴት ወደ ውስጥ ይተነፈሳል?» ብሎ ጠየቀኝ። ምን ልበለው?

መልስ፦ ተማሪዎ ጥሩ ጆሮ አለው። እኔም ይህችን ሐረግ በሰማሁ ቁጥር ትጎረብጠኛለች።

ከሥሩ እንነሳ፤ ን-ፍ-ስ ነው። ነፈሰ፣ ነፋስ፣ ነፍስ፣ ተነፈሰ ሁሉም ከዚህ ይወጣሉ። እስትንፋስ ከግእዝ እንዳለ የመጣ ነው፤ ትንፋሽ ላይ ግን ስ ወደ ሽ ተለውጧል፣ ነገሠ ብለን ነጋሽ እንደምንለው። ዐረብኛው ትንፋሽን «ነፈስ» ይለዋል፣ ዕብራይስጡ ነፍስን «ኔፌሽ»፣ ጥንታዊው አካድኛም ሕይወትን ከዚሁ ሥር አውጥቶ «ናፒሽቱ» ይል ነበር።

ሥሩ ግን አቅጣጫ የለውም። አቅጣጫ ያበጀለት አማርኛ ነው። ኳሱ ተነፈሰ፣ «የሆዴን ልተንፍስ»፣ «ለማንም እንዳትተነፍስ»፦ ሁሉም መውጣት ነው። ለማስገባት ደግሞ ሳበ የሚል ግሥ አለን፤ «በረጅሙ አየር ሳበ» እንላለን።

ሰውነትም ከዚህ ጋር ይስማማል። እጅዎን ሆድዎ ላይ ያድርጉና ይሞክሩት። አየር ሲስቡ ድያፍራም (ደረትን ከሆድ የሚለየው ጡንቻ) ይኮማተርና ወደ ታች ይወርዳል፤ ሆድዎ የሚገፋው ለዚህ ነው። በጎድን አጥንቶች መካከል ያሉት ጡንቻዎች ደረትን ያነሳሉ፣ ደረት ይሰፋል፣ የሳንባ ውስጥ ግፊት ከውጭው ያንሳል፣ አየሩም ይገባል። ይህ መሳብ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ማስወጣቱ ግን፣ ሰውየው አረፍ ብሎ ከሆነ፣ ሥራ የለውም ማለት ይቻላል። ጡንቻዎቹ ይላላሉ፣ የተለጠጠው ሳንባ ወደ መጠኑ ይመለሳል፣ አየሩ በራሱ ይወጣል። ልክ እንደ ጎማው ተነፈሰ!

«መተንፈስ የሁለቱም የወል ስም ነው፣ አቅጣጫ ቢጨመርበት ምን ነውር አለው?» የሚሉ አሉ። ማስረጃ አላቸው። «በሽተኛው ይተነፍሳል» ስንል አየር እያስወጣ ብቻ ነው ማለታችን አይደለም። ሳይንሱም እዚህ ላይ የሚያግዘው እነሱን ነው፤ ምክንያቱም የጋዝ ልውውጡ ገባ ወጣ አያውቅም። አረፍ ያለ አዋቂ በአንድ ትንፋሽ የሚያስገባው ግማሽ ሊትር ገደማ ሲሆን፣ ካስወጣ በኋላም ሳንባው ውስጥ 2 ሊትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ አየር ይቀራል። ስለዚህ ሲወጣም ሲገባም ኦክስጅን በአየር ከረጢቶቹ ግድግዳ አልፎ ወደ ደም ይገባል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድም በተቃራኒው ይወጣል፤ እያንዳንዱ ከሚበዛበት ወደሚያንስበት። ግድግዳው ከ1 ማይክሮሜትር (ከሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) የቀጠነ ነው። ቀይ የደም ሕዋስም 1 ሰከንድ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ኦክስጅኑን ጭኖ ያልፋል። ይህን ሁሉ በአንድ ስም መተንፈስ ማለቱን አልቃወምም።

የወል ስም መሆን ግን ሁሉን አይፈቅድም። «ተመላለሰ» መሄድንም መምጣትንም ይይዛል፤ ሆኖም ሰውን ና ለማለት «ወደዚህ ተመላለስ» አንለውም።

በነገራችን ላይ «የተቃጠለ አየር እናስወጣለን» የሚባለውንም ቢተዉት እወዳለሁ። የምናስገባው አየር 21 በመቶ ኦክስጅን ነው፤ በምናስወጣው ውስጥም 16 በመቶ ያህል ይቀራል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 4 በመቶ ገደማ ነው። አፍ ለአፍ ትንፋሽ የተሰጠው ሰው የሚተርፈውም ለዚህ ነው። ደግሞስ ሕዋስ ውስጥ «ተቃጠለ» ቢባል የሚቃጠለው ምግቡ ነው እንጂ አየሩ አይደለም።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ ሐኪሙም አሠልጣኙም መማሪያ መጽሐፉም «ወደ ውስጥ ተንፍስ» ይላል፤ ሰሚውም ወዲያው አየር ይስባል። ሐረጉ ሥር ሰዷል፣ ሳልወድ እቀበለዋለሁ። እርስዎ ግን ክፍል ውስጥ «አየር ሳቡ፣ አስወጡ» ይበሉ፣ መተንፈስን ለሁለቱ አንድ ላይ ይተዉት። ተማሪ ፈተና ላይ «ወደ ውስጥ መተንፈስ» ብሎ ቢጽፍ ነጥብ አይቀንሱበት።