አባትሽ የሌለ ሰው ካዩ መርፌ ሳታስወጊ ይህን አንብቢ

እህቴ፣ «የ72 ዓመት አባቴ ይረሳሉ፤ ቤት ውስጥ የሌሉ ሰዎችም ያያሉ። አልዛይመር ነው ወይስ ሌላ? በጠባይ ይለያል ወይ?» ብለሻል። ነገሩ የእኔው አባት ታሪክ ነው።

1. ደብተር ግዢ። የሚረሱትን ብቻ ሳይሆን ጠባያቸውንም ከነሰዓቱ ጻፊ። አልዛይመር አብዛኛውን ጊዜ በመርሳት ይጀምራል፤ ያንኑ ጥያቄ አሥሬ መጠየቅ። ሰው ገና በሃምሳዎቹ ይሉኝታ ካጣ፣ ለቤተሰቡ ግድ ካጣና ጣፋጭ ካበዛ ሐኪም የፊተኛውን የአንጎል ክፍል የሚያጠቃ በሽታ ይጠረጥራል። በአንድ ሁለት ቀን ድንገት ከተለወጡ ግን ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፤ ቶሎ ውሰጃቸው።

2. ሌሊቱንም ጻፊ። አባባ መርሳት ከመጀመራቸው ከዓመታት በፊት በእንቅልፋቸው ይራገጡ፣ ይጮኹ ነበር። እናቴ አልጋ ለየች። ማናችንም ከበሽታ አልቆጠርነውም። ኋላ ማታ ማታ መደቡ ላይ የተቀመጡ ልጆች ይታዩዋቸው ጀመር። አይፈሯቸውም። «ለልጆቹ እንጀራ አቅርቡ እንጂ!» ይላሉ። ጠዋት ደግሞ ስለ ዘጌ ቡና ጥንቅቅ አድርገው ያወሩሻል። ጠበል ወሰድናቸው፤ እሱ አይቆጨኝም።

የሚቆጨኝ ባሕር ዳር አንድ ክሊኒክ መግባቴ ነው። ሐኪሙ ቀና ብሎ እንኳ አላያቸውም። እሳቸው እየሰሙ «ጃጅቷል» አለኝ። አንቱታ እንኳ ነፈጋቸው! የሌለ ሰው ያያሉ ስለው ሃሎፔሪዶል የሚባል የአእምሮ ሕመም መድኃኒት አስወጋቸው። በሁለተኛው ቀን እንጨት ሆኑ። ውሃ በማንኪያ ስሰጣቸው በከንፈራቸው ጥግ እየወረደ ጋቢያቸውን አራሰው። መዋጥ አቅቷቸው ነበር። ቀና ብለው ለመቀመጥ ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው።

ኋላ ያገኘናት የነርቭ ሐኪም ደብተሬን ገጽ በገጽ አነበበች። 12 ዓይነት የጠባይ ለውጦች እየጠራች ስለ እያንዳንዱ ጠየቀችኝ፦ ስንት ጊዜ፣ ምን ያህል ከባድ፣ እኔንስ ምን ያህል ያስጨንቀኛል። እኔን ስለ ጭንቀቴ ሰው ሲጠይቀኝ የመጀመሪያዬ ነበር፤ አለቀስኩ። ከዚያ እጃቸውን አጠፍ ዘርጋ አድርጋ አየች፣ አራመደቻቸው፤ እግራቸውን ይጎትታሉ። የእንቅልፉ መራገጥ፣ ጥርት ብለው የሚታዩት ልጆች፣ ንቃታቸው መለዋወጡ፣ አረማመዳቸው፤ አንድ ላይ ሲገጥም «ሊዊ ቦዲ» የሚባለው የመርሳት በሽታ ዓይነት ነው አለች። እንዲህ ያለውን ታማሚ ሃሎፔሪዶልን የመሰለ መድኃኒት ክፉኛ ሊጎዳው፣ ሊገድለውም ይችላል። ያን ቀን ደብተሬ ከምርመራው ሁሉ በላይ እንደረዳት ነገረችኝ።

ጠባይ ብቻውን አይበቃም፤ የደምና የጭንቅላት ምርመራም አዛለች። አንቺ ግን ምርመራው እስኪያልቅ አትጠብቂ። ዛሬውኑ ካርዳቸው ላይ «የሌለ ነገር ያያሉ፤ ሊዊ ቦዲ ሳይጣራ ሃሎፔሪዶል አይሰጥ» ብለው እንዲጽፉልሽ ጠይቂ። እምቢ ካሉሽ ራስሽ በትልቁ ጽፈሽ ያዢ፤ የሌሊት ተረኛው ሳይቀር እንዲያየው።