ራይት ቱ ወርክ ባለበት ስቴት ዩኒየን (የሠራተኛ ማኅበር) መግባት ይጠቅማል ወይ?

እህቴ፣ እንኳን በሰላም ወደ ላስ ቬጋስ መጣሽ። ሆቴል ጽዳት ልትጀምሪ ስትይ «ኔቫዳ ራይት ቱ ወርክ ነው፣ ባሻቸው ሰዓት ያባርሩሻል፣ ለዩኒየን ገንዘብሽን አታባክኚ» ያሉሽን ጠይቀሻል። እኔም እንዳንቺ ከሜሪላንድ ነው የመጣሁት። እዚያ ፓርኪንግ ሠርቻለሁ፣ እዚህ ደግሞ ሆቴል።

ያሉሽ ነገር ሁለት ጉዳይ ያደባልቃል። አሠሪ ያለ ምክንያት ማሰናበት መቻሉ ሌላ ሕግ ነው፤ ከሞንታና በቀር በሁሉም ስቴት አለ፣ ሜሪላንድም ጭምር። ራይት ቱ ወርክ የሚከለክለው «ለዩኒየን ካልከፈልሽ ሥራ የለሽም» የሚለውን ውል ነው። የ1947ቱ የታፍት ሃርትሊ የፌዴራል ሕግ ለስቴቶች ይህን ፈቀደ፤ ዛሬ 26ቱ ጋ ይሠራል። ሜሪላንድ ውስጥ ዩኒየኑ ከአሠሪው ጋር የፈረመው ኮንትራት ካስገደደ አባል ባትሆኚም የመወከያውን ወጪ ትካፈያለሽ። እዚህ ምንም አትከፍይም። እንዲያውም ያለ በቂ ምክንያት እንዳትባረሪ የሚጠብቅሽ የዩኒየኑ ኮንትራት ራሱ ነው።

ከባዱ ነገር ዩኒየኑ ላልከፈለም ሰው እኩል የመቆም ግዴታ ያለበት መሆኑ ነው። እኛ ሆቴል አንዲት የኛ ልጅ እንግዳ ዕቃ ጠፋብኝ ብሎ ቢሮ ተጠራች። አባል አልነበረችም። «የዩኒየን ተወካይ ሳይመጣ እንዳትናገሪ» ብለናት ስለነበር እሱኑ ደጋገመች። ተወካዩ እንደገባ የበሩን ካርድ መዝገብ አስመጣ። ጠፋ በተባለበት ሰዓት ክፍሉን የከፈተው የሌላ ሰው ካርድ ነበር። ልጅቷ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። የዚህ ሁሉ ወጪ የሚሸፈነው ከኛ መዋጮ ነው። አብዛኛው ሰው እንዲህ ያለ ነገር ስለማይደርስበት «ለምን እከፍላለሁ?» ይላል።

የማያምንበት ሰው ለምን ይገደዳል የሚሉ አሉ፤ ክርክሩ ከንቱ አይደለም። ግን መክፈል በፈቃድ ከሆነ ላልከፈለው መከራከርም በፈቃድ መሆን ነበረበት። ሕጉ መክፈሉን በፈቃድ አድርጎ መከራከሩን ግን ግዴታ እንደሆነ ተወው። ይኼ ያናድደኛል።

ሁሉም «እኔ ባልከፍል ምን ይጎድላል» ሲል ዩኒየኑ ይዳከማል። ሕጉ ባለበት ሳውዝ ካሮላይና በ2023 ከመቶ ሠራተኛ አባል የሆኑት 3 አይሞሉም፤ ሕጉ በሌለበት ሃዋይ ከ20 በላይ ናቸው። ልዩነቱ ግን የሕጉ ብቻ አይደለም፤ ደቡቡ ድሮም ዩኒየን የሳሳበት አገር ነው። ቬጋስ ደግሞ ሕጉ ከ1950ዎቹ ጀምሮ እያለ የሆቴልና የካሲኖ ሠራተኞች ማኅበር የሆነው የከሊነሪ ዩኒየን 60 ሺህ ገደማ አባላት አሉት። በ1991 የፍሮንቲየር ሆቴል 550 ሠራተኞች አድማ ሲመቱ ከስድስት ዓመት በላይ ጸኑ፤ አድማውን ጥሶ ወደ ሥራ የገባ አንድም ሰው አልነበረም። በኖቬምበር 2023 ትልልቆቹ ካሲኖዎች የአምስት ዓመት ኮንትራት የፈረሙትም የአድማው ቀን ተቆርጦ ሰዓቱ ሲደርስ ነው። ባለቤቶቹ ስንት ሰው የዩኒየን አባልነት ካርድ እንደፈረመ ያውቃሉ። የሚፈሩትም ያንን ነው።

ስለዚህ ግቢ እልሻለሁ። ኢንሹራንሱና ደመወዙ በኮንትራቱ መሠረት ለአባልም ላልሆነም እኩል ነው። አባል ካልሆንሽ ግን ኮንትራቱ ሲጸድቅም አድማ ሲወሰንም ድምፅ የለሽም። ካርዱን ከመፈረምሽ በፊት መዋጮውን ማቆም የምትችይበትን ጊዜ የሚለውን መስመር አንብቢ፤ ብዙ ጊዜ በዓመት ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው።